የውሃ ወፍ አደን፦ ጠመንጃ ከመምረጣችን በፊትና ስንመርጥ ማወቅ ያለብን



ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ተነስቶ በጉለሌ፣ በቀጨኔ ሰፈር መሐል የሚወርደው ወንዝ ከሌሎች የከተማችን ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ ወደ አቃቂ ይፈሳል። አቃቂ ደግሞ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። ከመስከረም ወር በኋላ ወደዚያ የወረደ ሰው በውሃው ላይ የተኙ ብዙ ዳክዬዎችን ያያል። ከፊሎቹ የአገራችን ነዋሪዎች ናቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሽሽት የመጡ እንግዶች ናቸው። ከቀጨኔ ብዙም በማይርቀው የገፈርሳ ግድብ ዙሪያም ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በዱር የማትገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ትታያለች።

እነዚህን ወፎች አድኖ መብላት ይቻላል? ለዚህ ሥራ ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን መግዛት የፈለገ ሰውስ ምን ዓይነቱን ይምረጥ? ጥያቄው በተለይ የሚመለከተው በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድሞቻችንን ነው። በአሜሪካና በካናዳ የዳክዬ አደን የተለመደ የበልግና የክረምት ሥራ በመሆኑ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር አብረው የሚወጡ ሙስሊሞች አሉ። ሻጩ ስለ ዋጋና ስለ ብራንድ ይነግራቸዋል። ያመጡት ሥጋ ሐላል ይሁን አይሁን ግን ሻጩ ሊነግራቸው አይችልም።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን አንድ ላይ እናያለን። ለሙስሊም አዳኝ ጥሩ ጠመንጃ ማለት ወፏን ሕግ ሳይጣስ፣ ሳትሰቃይ፣ ሐላልነቷም ሳያጠራጥር ለማዕድ ለማድረስ የሚረዳ ጠመንጃ ነው። የመሣሪያው ምርጫ ከሸሪዓው ድንጋጌ ጋር በብዙ ቦታ እንደሚገናኝ ከታች እንመለከታለን።

በአገራችን ሕጉ ምን ይላል?

በመጀመሪያ አገር ውስጥ ላሉ አንባቢያን። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝ የሚቻለው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ሲኖር ብቻ ነው። የአደን ጠመንጃም ጠመንጃ ነው። «ለወፍ ነው» ማለት ከፈቃድ ነፃ አያደርግም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልን ይምጣ ማለትም ዘመድን ለእስር አሳልፎ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ሕግ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ጠመንጃው ሕጋዊ መሆኑ አደኑን ሕጋዊ አያደርገውም፤ ሁለቱ ፈቃዶች የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ በአባ ሳሙኤል ወይም በገፈርሳ ዳር የሚታዩትን ወፎች በዓይን ማየት እንጂ በጠመንጃ መፈለግ የለብንም። አላህ ለዚህች አገር ብቻ የሰጣትን ዝይ መጠበቅም የአማና ጉዳይ ነው።

በውጭ አገር

በአሜሪካ ተሰዳጅ የውሃ ወፎችን የሚያድን ሰው የክፍለ ግዛቱን የአደን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ «ዳክ ስታምፕ» የሚባለውን የፌዴራል ቴምብር መግዛት ይኖርበታል። በየወቅቱ የትኛው ዝርያ፣ በቀን ስንት ወፍ መገደል እንደሚችል በደንብ ይወሰናል። ሾትገኑም በአንድ ጊዜ ከሦስት ጥይት በላይ መያዝ የለበትም፤ ካዝናው የበለጠ የሚይዝ ከሆነ በውስጡ ማገጃ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይገባበታል። ካናዳም ተመሳሳይ የሦስት ጥይት ገደብ አላት፤ በተጨማሪም ጠመንጃ ለመግዛት ሥልጠና ወስዶ የመሣሪያ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ለወፍ አደን የሚውል ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ካዝናው ከሁለት ጥይት በላይ መያዝ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለን። በአሜሪካ በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ያለ ሰው በመርህ ደረጃ የጦር መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። ሕጋዊ የአደን ፈቃድ መያዝ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ቢሆንም፣ ይህን ያላጣራ ሰው በአንድ የጓደኛ ጠመንጃ ምክንያት የመኖሪያ ጉዳዩን ሊያበላሽ ይችላል። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ወንድም ጠመንጃ ከመንካቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ይጠይቅ።

ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን እንዴት ይሠራል?

ሾትገን አንድ ጥይት ሳይሆን በአንድ ቀለህ ውስጥ የታጨቁ ብዙ ጥቃቅን የብረት ፍሬዎችን የሚተፋ ጠመንጃ ነው። ፍሬዎቹ እየራቁ ሲሄዱ ይበተናሉ፤ ለዚህ ነው በአየር ላይ ለሚበር ወፍ የሚመቸው። «ከፊል አውቶማቲክ» የሚባለው ደግሞ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጊዜ ተኩሶ ባዶውን ቀለህ ራሱ አስፈንጥሮ ሌላ የሚያጎርስ ዓይነት ነው። ምላጩን ይዞ በማቆየት ተከታታይ አይተኩስም። የዚህ ዓይነት ሾትገን በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ በሠራው፣ እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ በቤልጂየም በተመረተው ጠመንጃ ነው።

ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት በአብዛኛው በሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው በጋዝ የሚሠራው ነው። ከተኩሱ የሚወጣው ጋዝ በከፊል ተመልሶ ዘዴውን ይገፋዋል። ጥቅሙ የጠመንጃው ርግጫ መለሳለሱ ነው፤ ትከሻ አይጎዳም። ጉዳቱ ጥቀርሻ ስለሚከማችበት አዘውትሮ መጽዳት መፈለጉ ነው። የቤሬታ ኤ300 እና ኤ400፣ እንዲሁም የቆየው ሬሚንግተን 1100 ከዚህ ወገን ናቸው።

ሁለተኛው በራሱ በጠመንጃው የኋሊት ምት የሚሠራው፣ «ኢነርሺያ» የሚባለው ነው። ቤኔሊ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ በዚህ ይታወቃል። ጥቀርሻ ወደ ውስጥ ስለማይመለስበት በጭቃና በብርድ ውስጥ ብዙ አያስቸግርም፤ ክብደቱም ቀለል ይላል። ግን ርግጫው ጠንከር ያለ ነው። ሰደፉ በትከሻ ላይ በደንብ ካልተደገፈ ወይም ጥይቱ ደካማ ከሆነ ቀጣዩን ሳያጎርስ ሊቀር ይችላል።

ለጀማሪና ርግጫ ለሚከብደው በጋዝ የሚሠራው ይሻላል። ረግረግ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚውልና ማጽዳት ለሚሰለቸው ኢነርሺያው ይመቸዋል።

መጠን፣ ልክና ቾክ

የሾትገን ስፋት የሚለካው «ጌጅ» በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቱቦው ይሰፋል። ለውሃ ወፍ የተለመደው 12 ጌጅ ነው። 20 ጌጅ ለቀላል ሰውነትና ለቅርብ ርቀት ያገለግላል፤ የሚይዘው ፍሬ ግን ያነሰ ነው። ጥይት መጉረሻው 3 ኢንች የሚቀበል ከሆነ ለዳክዬም ለዝይም በቂ ነው። 3.5 ኢንች የሚቀበለው ዋጋውም ርግጫውም ይጨምራል፤ ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም። የቱቦው ርዝመት ከ26 እስከ 28 ኢንች ቢሆን ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ልክ ነው። ጠመንጃውን አንስተው ጉንጭዎን ሰደፉ ላይ ሲያሳርፉ ዓይንዎ ያለ ምንም ትግል በቱቦው መሥመር ላይ ማረፍ አለበት። የሰደፉ ርዝመት ለክንድዎ ካልተስማማ የቱንም ያህል ውድ ጠመንጃ ቢገዙ ወፏን ያቆስሏታል እንጂ አይገድሏትም። በብርድ ወፍራም ጃኬት ስለሚለበስ ጠመንጃውን የምንሞክረው ያንኑ ጃኬት ለብሰን ቢሆን መልካም ነው።

ቾክ በአፈሙዙ ላይ የሚገባ ማጥበቢያ ነው፤ ፍሬዎቹ ምን ያህል እንደሚበተኑ ይወስናል። ለብረት ፍሬ «ሞዲፋይድ» የሚባለው መካከለኛው ጥሩ መነሻ ነው። በጣም ጠባብ ቾክ ከትላልቅ የብረት ፍሬዎች ጋር ቱቦውን ሊጎዳ ስለሚችል የፋብሪካውን መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ከአደኑ በፊት በትልቅ ወረቀት ላይ ተኩሶ ፍሬዎቹ እንዴት እንደሚያርፉ ማየትም ተገቢ ነው። በየትኛውም ጠመንጃ ቢሆን ከ35 ሜትር በላይ በራቀች ወፍ ላይ አለመተኮስ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ የምትመታ ወፍ ብዙ ጊዜ ቆስላ ታመልጣለች።

እርሳስ ወይስ ብረት?

ድሮ ፍሬዎቹ ሁሉ ከእርሳስ ይሠሩ ነበር። ወደ ውሃው ግርጌ የሚወርደውን እርሳስ ዳክዬዎች እንደ ጠጠር ይውጡታል፤ እህል የሚፈጩት በጠጠር ነውና። እርሳሱ በሆዳቸው ውስጥ ተፈጭቶ ይመርዛቸዋል። በዚህ ምክንያት አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለውሃ ወፍ አደን እርሳስን ከልክላለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በረግረጋማ ቦታዎች ከልክሏል። ነገሩ የወፎቹ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም፤ በእርሳስ የተመታ ሥጋ ለልጆቻችን ማብላት ተገቢ አይሆንም።

ብረት ከእርሳስ ስለሚቀልል ኃይሉ በርቀት ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ በእርሳስ ከለመድነው ሁለት መጠን ከፍ ያለ ፍሬ መምረጥ ያስፈልጋል። ለዳክዬ 4፣ 3 ወይም 2 ቁጥር ብረት፣ ለዝይ «ቢቢ» የሚባለው ይስማማል። እዚህም ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ፍሬው ይተልቃል። አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ደግሞ ቱቦው ብረት የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ያጣራ።

ሸሪዓው የሚለው

ዳክዬና ዝይ ሐላል ወፎች ናቸው። በጥፍራቸው ከሚያድኑት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከከለከሏቸው ወፎች ወገን አይደሉም። አንዳንድ ሰዎች ግን «በውሃ ላይ የሚኖር ስለሆነ እንደ ዓሣ ነው፤ ማረድ አያስፈልገውም» ሲሉ ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም። ዳክዬ በየብስም የሚኖር ፍጡር ነውና እንደ ባሕር አደን አይቆጠርም፤ በሸሪዓው መንገድ ካልታረደ ወይም ካልታደነ በክት ነው።

አንደኛ፦ ቢስሚላህ። በሱረቱል ማኢዳህ 4ኛው አንቀጽ ላይ በአደን ጊዜ የአላህን ስም ማውሳት ታዟል። በሐነፊይ መዝሀብ ሆን ብሎ የተወው ሰው አደኑ አይበላም፤ የረሳ ግን ይቅር ይባላል። በሻፊዒይ መዝሀብ ጠንካራ ሱና ነው። ቢስሚላህ የሚባለው ምላጩ በሚሳብበት ጊዜ እንጂ ወፏ ወድቃ ከተነሳች በኋላ አይደለም። እዚህ ላይ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የያዘ ሰው ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ። የሐነፊይ ዑለሞች በአደን ውስጥ ቢስሚላህ የሚያያዘው ከተወረወረው ቀስት ጋር ነው ይላሉ፤ በአንዱ ቀስት ላይ ብሎ ሌላውን ቢወረውር የመጀመሪያው ቢስሚላህ ለሁለተኛው አይሆንም። ጠመንጃው ሦስቱን ጥይት በሁለት ሰከንድ ውስጥ መተኮስ ይችላል፤ አዳኙ ግን በእያንዳንዱ ተኩስ ላይ ቢስሚላህ ማለት አለበት። ይህ ራሱ ከችኮላ ይጠብቃል፤ እያንዳንዱ ተኩስም ታስቦበት የሚተኮስ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ የጥይቱ ጉዳይ። ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ መሠረት መሣሪያው ወግቶ የገደለው ይበላል፤ በክብደቱ ቀጥቅጦ የገደለው ግን አይበላም። ቀደምት ፉቀሃዎች በክብ የሸክላ እንክብል የተገደለን ወፍ የከለከሉት ለዚህ ነው። ባሩድ ከመጣ በኋላ ዑለሞች ተለያዩ። የደማስቆው የሐነፊይ ዓሊም ኢብኑ ዓቢዲን (በ1252 ሂጅራ የሞቱ) ጥይት የሚገድለው በስለት ሳይሆን በኃይል ነው በማለት አልፈቀዱም። የየመኑ ኢማም ሸውካኒ (በ1250 ሂጅራ የሞቱ) ደግሞ ጥይት ሥጋን በስቶ ያልፋልና ሐላል ነው ብለዋል፤ በዘመናችን ብዙዎቹ ዑለሞች የያዙት ይህን ነው። የሾትገን ፍሬ ክብ ስለሆነ ክርክሩ በቀጥታ ይመለከተዋል። ከክርክሩ ለመውጣት አስተማማኙ መንገድ አንድ ነው፤ ወፏ ሕይወት እያላት ደርሶ ማረድ። በዚህ ጊዜ በየትኛውም መዝሀብ ጥርጣሬ አይቀርም።

ሦስተኛ፦ ውሃው። በዚያው በዐዲይ ሐዲስ ውስጥ፣ በሙስሊም ዘገባ፣ የተመታው አደን ውሃ ውስጥ ሰምጦ ከተገኘ እንዳይበላ ተከልክሏል፤ የገደለው ቀስቱ ይሁን ውሃው አይታወቅምና። ለዳክዬ አዳኝ ከዚህ የሚቀርብ ጉዳይ የለም፤ የሚመታቸው ወፎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚወድቁት ውሃ ላይ ነው። ዑለሞቻችንም የውሃ ወፍን ለይተው ተነጋግረውበታል። ኢማም ነወዊ «ረውዳ» በተባለው ኪታባቸው በውሃው ላይ እያለች ተመትታ የሞተችን የውሃ ወፍ ሐላል ያደርጋሉ፤ ውሃ ለእሷ ለሌላው እንደ መሬት ነውና። ከውሃው ውጭ ተመትታ ወደ ውሃ የወደቀችውን በተመለከተ ግን በመዝሀቡ ሁለት አስተያየት እንዳለ ይገልጻሉ። በሐነፊይ መዝሀብ «ሂዳያ» ላይ ደግሞ ቁስሉ ውሃ ውስጥ ካልገባ ይበላል፤ ከገባ ግን አይበላም። በየብስ የሚኖር ወፍ ተመትቶ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲሞት ያለው ድንጋጌ ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቦታ መምረጥ ጠመንጃ ከመምረጥ የማያንስ መሆኑን ነው። ጥልቅ ውሃ ዳር ከመቀመጥ ወፎቹ የሚያርፉበትን የተሰበሰበ ማሳ ወይም ጥልቀት የሌለውን ዳር መምረጥ፣ ወደ መሬት በሚወድቁበት አቅጣጫ ብቻ መተኮስ፣ ጀልባ አዘጋጅቶ ወዲያው መድረስ ያስፈልጋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥይት ዋና ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ወፍ ለመጨመር ከመዋላቸው በፊት የቆሰለችዋን ሳትሰቃይና ሳትጠፋ ለመጣል ይሁኑ። በውሻ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ሻፊዒይ ከሆነ የውሻው አፍ የነካውን ሥጋ እንዴት እንደሚያጠራ መምህሩን አስቀድሞ ይጠይቅ።

የፈጅር ሶላትና ቢላዋ

በአሜሪካ የዳክዬ አደን በአብዛኛው የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ነው። ይህ የፈጅር ሶላት ወቅት ነው። ወፎቹ በብዛት የሚበሩትም በዚያች ሰዓት ስለሆነ ሶላቱ በቀላሉ ያልፋል። ወደ መደበቂያው ከመግባት በፊት ውዱእ አድርጎ መዘጋጀትና ወቅቱ እንደገባ መስገድ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል፤ አብረውት ለሚያድኑት ሰዎች አስቀድሞ መናገርም ነውር የለበትም።

ከጠመንጃው ይልቅ ሐላሉን የሚወስነው ግን በወገብ ላይ የሚታሰረው ቢላዋ ነው። ቀጨኔ በሸክላ ሠሪዎቿ፣ በሸማኔዎቿና በብረት ቀጥቃጮቿ የታወቀች ሰፈር ናት። ባለሙያ የሳለው አጭር ስለታም ቢላዋ በሺህ ዶላር የተገዛ ጠመንጃ የማይሠራውን ይሠራል። ወፏ በሕይወት ከተገኘች ወዲያው ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ የምግብና የአየር መተላለፊያዋን ከደም ሥሮቿ ጋር መቁረጥ ነው። በሕይወት አግኝቷት፣ ማረድ እየቻለ ትቷት የሞተች ወፍ በክት ናት።

በመጨረሻም ኒያው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ያለውን ነገር ለዒላማ መለማመጃ ማድረግን ከልክለዋል። ስለዚህ ለመብላት ያልታሰበች ወፍ አትገደልም። ለልምምድ በአየር ላይ የሚወረወር የሸክላ ዒላማ አለ፤ እጅ እስኪፈታ በእሱ መለማመድ ወፏንም አዳኙንም ያድናል። ጠመንጃው ወደ ቤት ሲመለስ ጥይቱ ወጥቶ፣ ጠመንጃውና ጥይቱ ተለያይተው፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ተቆልፈው መቀመጥ አለባቸው።

እንግዲህ በውጭ ያለህ ወንድማችን ወደ ሱቅ ስትገባ በቅድሚያ ፈቃድህን አጣራ፤ ከዚያ ለትከሻህ የሚስማማውን 12 ወይም 20 ጌጅ ምረጥ፤ ከእርሳስ ይልቅ ብረት ግዛ፤ የምትከተለውን መዝሀብ ድንጋጌ ከመምህርህ ጠይቅ፤ ቢላዋህን ሳል። የተጠራጠርክባትን ወፍ ደግሞ ተዋት። አንዲት ዳክዬ ብትቀር ምንም አይጎድልብህም፤ ያጠራጠረ ጉርሻ ግን ከልብ አይወጣም።

ወላሁ አዕለም።